ሽማግሌ የተላከበት ኮርስ

ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። ይህን ስናገር አንገቴን አልደፋም። ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ብቻዬን ነው። ካልጋሪ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጽዳት ሠራተኛ ሆኜ ስሠራ፣ በየዓመቱ ሰኔ ላይ የሚጣሉትን መጻሕፍት ከካርቶን እየለየሁ ወደ ቤቴ አመጣ ነበር። እንግሊዝኛዬን ያቃናሁት በእነሱ ነው። አልጀብራን በምሳ ሰዓቴ፣ ማሞቂያው ክፍል ውስጥ፣ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጬ ጨረስኩት። ካልኩለስ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ እሱንም ጨረስኩት። ዛሬ ዲግሪ ያላቸው ሰዎች እኔ ባለሁበት ስለ ሒሳብ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ስለዚህ በዚህ በሰሜን ምሥራቁ ሰፈር የእኛ ሰው ልጅ ሁለተኛ ደረጃ በጨረሰ ቁጥር ወላጆቹ ወደ እኔ ይዘውት ቢመጡ አያስገርምም። እናትየዋ ልጇን ሶፋው ጫፍ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ልጁ ስልኩን ኪሱ ይከታል፤ እኔ መነጽሬን አድርጌ የኮሌጁን የኮርስ ዝርዝር እገልጣለሁ። አሥራ አንድ ልጆች በእጄ አልፈዋል። አንዷ ዛሬ ፋርማሲስት ናት። አንዱ ድልድይ ያሠራል። ደንቤ አንድ ነበረች፦ ምርጫ በተሰጠህ ቦታ ከባዱን ውሰድ። ቀላሉን ማንም ይወስደዋል።

አምና የልጅ ልጄ ተራ ደረሰ።

እናቷ፣ የመጨረሻዋ ልጄ፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ አንዱን ሺፍት ሳትጨርስ ሌላው ይጠራታል። ሳድል ሪጅ ባለው ቤታችን ሦስት ሆነን እንኖራለን፤ አንድ ላይ ማዕድ የምንቀርበው ግን በሳምንት አንድ ቀን ቢሆን ነው። ልጅቷ ቢዝነስ መማር ፈለገች። ዩኒቨርሲቲው በቀጥታ አልተቀበላትም፤ የቀረው መንገድ በኮሌጅ በኩል ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት ኮሌጅ ትማራለች፤ አቬሬጇ፣ ማለት አማካይ ውጤቷ፣ ከተጠየቀው በላይ ከሆነ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሁለተኛ ዓመት ትሻገራለች። ካነሰ አንድ ዓመቷ ተቃጠለ ማለት ነው። እናቷ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች በር ላይ ቆማ፣ «አባዬ፣ ይህችን ነገር አንተው ጨርስልኝ፤ የእኔ ጭንቅላት እምቢ ብሏል» አለችኝ።

«አታስቢ» አልኳት።

የኮሌጁን ካታሎግ ሙሉውን በወረቀት አሳተምኩና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩት። የቢዝነሱን ክፍል ብቻ አላነበብኩም፤ የብየዳውንም፣ የጥርስ ጽዳቱንም አነበብኩ። እኔ ነገርን ከመሐል አልጀምርም። ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። በአሥረኛው ቀን ልጅቷን ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት፤ ላፕቶፗን ከፈተች።

አራቱ ኮርሶች አላከራከሩንም፤ እንግሊዝኛ፣ ማይክሮ ኢኮኖሚክስ፣ የቢዝነስ መግቢያ፣ ሳይኮሎጂ። አምስተኛው ሒሳብ ነበር።

«አባባ፣ እዚህ ጋ “ወይም” ይላል» አለች በጣቷ እያሳየችኝ። «ካልኩለስ ወይም ስታቲስቲክስ። ስታት ብወስድም፣ ላይክ፣ ይቆጠርልኛል።»

«ከሁለቱ የቱ ይከብዳል?»

«ካልኩለስ።»

«እንግዲያው ተመለሰ።»

«ምኑ?»

«ጥያቄው።»

ፀጉሯን ወደ ኋላ ሰብስባ አሰረችና ቁልፉን ተጫነች። ከዚያ ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሲፈታ አየሁ። ያኔ ምን እንደሆነ አልገባኝም።

«አባባ፣ ፉል ነው። ካልኩለስ ሁሉም ክላስ ፉል ሆኗል። ምዝገባው ከተከፈተ እኮ ዋን ዊክ አለፈው። ኢትስ ኦኬ፣ ስታቱ ቦታ አለው።»

ምዝገባው የተከፈተው እኔ ስለ ብየዳ ሳነብ ኖሯል። ይህን ሳውቅ ነደደኝ፤ የነደደኝ ግን በኮሌጁ ነበር።

«ዌይትሊስቱ ላይ፣ ወረፋው ውስጥ፣ ስምሽን አስገቢ» አልኳት። «ሌላውን ለእኔ ተዪው። ሞልቷል የተባለ ነገር በሰው ይከፈታል።»

በማግስቱ ራንድል ወዳለው የገበያ አዳራሽ ሄድኩ። ጡረታ የወጣን ሰዎች ምግብ ቤቶቹ አጠገብ ያሉትን ጠረጴዛዎች ይዘን እንውላለን። ሁለቱን ጓደኞቼን አገኘኋቸው። አንዱን ሐጂ እንለዋለን፤ ዕድሜውን ታክሲ ሲነዳ ስለኖረ የከተማውን መንገድ ሁሉ ያውቃል፤ የየቤቱንም ጠብ ያውቃል። ሌላው ከኮራል ስፕሪንግስ የሚመጣው ወንጌላዊው ነው፤ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ የያዘውን ነገር ግን አይለቅም። ስንት ባልና ሚስት አስታርቀናል፤ ስንት ልጅ ድረናል። ጉዳዩን ነገርኳቸው።

«ለጋብቻ ሄጃለሁ፤ ለዕርቅ ሄጃለሁ» አለ ሐጂ። «ለካልኩለስ ግን ሄጄ አላውቅም። ጥሎሽ አለው?»

«አንተ ቀልድ። የሚቃጠለው የልጅ ዓመት ነው።»

«መጀመሪያ ካልኩለስ ምንድን ነው?» አለ ወንጌላዊው። «የምለምንለትን ነገር ልወቀው እንጂ።»

«የሚለዋወጥ ነገር በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ የሚለካበት ሒሳብ ነው።»

«የእኔስ ምንም ነገሬ በፍጥነት አይለወጥም» አለ ሐጂ ጉልበቱን እያሻሸ። «ቢሆንም እመጣለሁ። ክራቫት ይታሰራል?»

«ይታሰራል።»

በነሐሴ ሙቀት ሦስታችንም ሙሉ ልብስ ለብሰን ባቡር ተሳፈርን። ልጅቷ በአንድ ባቡር አብራን ሄደች፤ የተቀመጠችው ግን ሌላኛው በር አጠገብ ነው። ኮሌጁ ስንደርስ ተማሪዎችን የምታማክረው ሴት ወደ ቢሮዋ አስገባችን። ሠላሳ ዓመት የሞላት አይመስለኝም። ወንበር አቀረበችልን፤ አልተቀመጥንም። ሌላ ወንበር ከጎረቤት ቢሮ አመጣች፤ አልተቀመጥንም። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ እስኪባልለት ቆሞ ነው የሚጠብቀው። ይህን በእንግሊዝኛ ያስረዳኋት እኔ ነኝ፤ በደንብ ነው ያስረዳኋት። ሴትዮዋ ሁለቱን ወንበሮች ተመለከተች፤ ከዚያ እሷም ተነሥታ ቆመች። ጨዋ ልጅ ናት።

መጀመሪያ ልጅቷን፣ «እነዚህ ሰዎች ባሉበት ስለ ትምህርትሽ ብንነጋገር ትፈቅጃለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ፈቃድ ስለ መጠየቋ ገርሞኝ ለሐጂ በዓይኔ አሳየሁት። ከዚያ ወንጌላዊው ተናገረ፤ ሐጂ ተናገረ፤ እኔ ደመደምኩ። ሴትዮዋ በትዕግሥት ሰማችንና ቦታ የምትሰጠው እሷ እንዳልሆነች፣ አንድ ተማሪ ሲወጣ ዌይትሊስቱ በተራው እንደሚያስገባ ነገረችን። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞራ፣

«ካልኩለስን የፈለግሽው ለምንድን ነው?» አለቻት። «ለምታመለክቺበት ፋኩልቲ ስታቲስቲክስም ይበቃል። ዋናው አቬሬጅሽ ነው።»

ልጅቷ ምንጣፉን አየች። ሦስት ሽማግሌዎች ከኋላዋ ቆመናል። የሐጂ ጉልበት ሲንቋቋ ይሰማል።

«እፈልገዋለሁ» አለች።

እኔ ደረቴን ነፋሁ። የሽማግሌ ልጅ እንዲህ ነው የምትመልሰው ብዬ አሰብኩ።

ትምህርት ሊጀመር አራት ቀን ሲቀረው አንድ ቦታ ተለቀቀና ገባች። ለሐጂ ደውዬ ነገርኩት። «አየህ አይደል፣ ያልተቀመጥነው ለዚህ ነው» አለኝ። ወረፋው እንዳስገባት እኔም አውቃለሁ፤ ግን አላረምኩትም።

መስከረምና ጥቅምት እንዴት እንዳለፉ ስጽፍ እንኳ ይደክመኛል። ልጅቷ ከኮሌጅ ስትመለስ እኔ ጠረጴዛው ላይ እርሳሴን ቀርጬ እጠብቃታለሁ። ቦርሳዋን ሳታወርድ ካልኩለስ እንጀምራለን። ኢኮኖሚክሱ፣ የእንግሊዝኛው ድርሰት፣ ሁሉም ከዚያ በኋላ ነው። እኔ አሠራሬ የራሴ ነው። መምህር ስላልነበረኝ መንገዱን የጠረግሁት ራሴ ነኝ፤ መጽሐፉ በሁለት ገጽ የሚደርስበት ቦታ እኔ በሦስት መስመር እደርሳለሁ። ያን መንገድ ለማንም አሳይቼ አላውቅም ነበር። ለእሷ አሳየኋት።

የመጀመሪያው ፈተና ውጤት ከመቶ አርባ አንድ ሆነ።

ወረቀቱን ተቀብዬ ከላይ እስከ ታች አየሁት። «ይህ ልክ ነው!» አልኩ። «ይህም ልክ ነው! መልሱን እይው፤ ልክ አይደለም?»

«ልክ ነው፣ አባባ።»

«ታዲያ ለምን ሁለት ማርክ ብቻ ሰጠሽ?»

«ስቴፕሱን፣ አሠራሩን ነው የሚያርመው። እርስዎ ያሳዩኝ መንገድ፣ ላይክ፣ ክላስ ውስጥ የለም። መልሱን ከየት እንዳመጣሁት አይታወቅም አለኝ።»

«ነገ አብሬሽ ሄጄ ለመምህሩ አስረዳዋለሁ።»

«ኖ! አባባ፣ ፕሊስ። በእግዚአብሔር።»

በእግዚአብሔር ስትል ሰምቻት አላውቅም ነበር። ተውኩት። ግን ማታ ማታ ማስተማሬን አልተውኩም፤ እንዲያውም አንድ ሰዓት ጨመርኩበት። በእኔ መንገድና በመምህሩ መንገድ፣ ሁለት ጊዜ ትሠራው ጀመር። ሳይኮሎጂው ወረደ። ኢኮኖሚክሱ ወረደ። እናቷ በመጣች ቁጥር፣ «እንዴት ናት?» ትለኛለች፤ እኔም «እየታሸች ነው፤ ትወጣዋለች» እላታለሁ። አንድ ቀን የማባዣ ምልክት እያደረገች ሳለ እርሳሱ በእጇ እንዳለ እንቅልፍ ወሰዳት። ቀስቅሼያት ቀጠልን።

ኅዳር ገብቶ በረዶው መሬት በያዘ ሰሞን፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የበሩ ደወል ጮኸ። ስከፍተው ሐጂና ወንጌላዊው ቆመዋል። በካፖርታቸው ሥር ክራቫት አሥረዋል።

«ማን ሞተ?» አልኩ።

«ማንም አልሞተ» አለ ወንጌላዊው።

«እንግዲያው ግቡ፤ ተቀመጡ።»

ገቡ። ጫማቸውን አወለቁ። ሳሎን መሐል በካልሲያቸው ቆሙ።

«ተቀመጡ እንጂ!»

«አንቀመጥም» አለ ሐጂ።

ይህ ቃል ከእኔ አፍ ወጥቶ ያውቃል፤ ለእኔ ተብሎ ግን አያውቅም። እግሬ ስር ያለው ወለል የሰው ቤት ወለል መሰለኝ።

«ማን ልኳችሁ ነው?»

«የልጅ ልጅህ» አለ ወንጌላዊው። «ትናንት ከትምህርቷ በቀጥታ ራንድል መጣች። ጠረጴዛችን አጠገብ ቆመች። ተቀመጪ ስንላት እምቢ አለች።»

«ከማን ተማረችው መሰለህ?» አለ ሐጂ። «“ሽማግሌ ልልክ ነው” አለችን በዚያች በተሰበረች አማርኛዋ። ወደ ማን ብንላት ወደ አባባ። ደግሞ ክራቫት አድርጉ ብላናለች።»

«ምን ፈልጋ ነው?»

«ካልኩለሱን ልትተወው ነው። እስከ ሰኞ ድረስ ካቋረጠች ውጤቱ ከአቬሬጇ ጋር አይደመርም፤ መዝገቧ ላይ ማቋረጧን የምታሳይ አንዲት ፊደል ትጻፋለች፣ በቃ። ከሰኞ ካለፈ ግን ያ አርባ ምናምን የሌሎቹን ሁሉ ይዞ ይወርዳል። ዩኒቨርሲቲው አይቀበላትም። በጥር ስታቲስቲክሱን ትወስዳለች። እኛ እሺ እንድትላት ነው የመጣነው።»

«የእኔ ቤት ልጅ የጀመረችውን አታቋርጥም።»

«ኧረ ሰውዬ!» አለ ሐጂ። «አንተ ከስምንተኛ ክፍል ስትወጣ ማን ሽማግሌ ላከልህ?»

ሌላ ሰው ቢለኝ ከቤቴ አስወጣው ነበር። ሐጂ ስለሆነ ዋጥኩት። እነሱ ቆመው እኔ መቀመጥ ነውር ነውና ሦስታችንም ቆመናል። ኮርስ የመረጥኩላቸውን አሥራ አንድ ልጆች ቆጠርኩላቸው። ፋርማሲስቷን አነሣሁ። ከባድ ነገር ሰውን እንደሚያጸና ራሴን ምሳሌ አድርጌ ነገርኳቸው፤ ባልዲውን፣ ማሞቂያውን ክፍል፣ ሁለቱን ዓመት። ረጅም ንግግር ነበር፤ ጥሩም ነበር። ወንጌላዊው እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«እውነት ነው» አለ። «አንተን የሚያክል ሰው በዚህ ከተማ አላየሁም። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ካልኩለስን ስታጠና፣ ሳይገባህ የቀረ ቀን ምን ታደርግ ነበር?»

«መጽሐፉን ዘግቼ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።»

«ማን ማርክ ይሰጥህ ነበር?»

«ማንም።»

በሕይወቴ ሙሉ አንድም ሰው አርሞኝ አያውቅም። ይህን ሁልጊዜ እንደ ኩራት ነበር የማወራው፤ ዛሬም ኩራቴ ነው። ነገር ግን ለአሥራ አንድ ልጆች ኮርስ ስመርጥ፣ የተሳሳቱበት ቀን ሁሉ በቀይ ተጽፎ እንደሚቀመጥባቸው አንድ ጊዜ እንኳ አስቤ አላውቅም። እኔ በተሳሳትኩበት ቀን መጽሐፉን ዘግቼ እሄድ ነበር።

«ለምን ራሷ አልነገረችኝም?» አልኩ በመጨረሻ።

«ሐምሌ ላይ ነግራሃለች አሉ፤ ስታቲስቲክስ ይቆጠርልኛል ብላ» አለ ወንጌላዊው። «ነሐሴ ላይ ያቺ ሴትዮ ስትጠይቃትም ልትናገር ነበር። ሦስት ሽማግሌ ከኋላዋ ቆሞ ምን ትበል? አፏን የዘጋነው እኛ ነን። እኔና ሐጂ ትናንት እሺ ያልናት ስለዚህ ነው፤ የራሳችንን ዕዳ ልንከፍል ነው የመጣነው።»

ሐጂ የሶፋውን ጀርባ ይዟል። ያ ጉልበቱ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ቆሞ አይችልም፤ አርባ ደቂቃ አስቁሜዋለሁ። ከንፈሩ ነጥቷል፤ ግን አይቀመጥም።

«እሺ» አልኩ። «ተቀመጡ።»

«እሺ ምን?» አለ ሐጂ። ዕድሜ ልኩን ሲያስታርቅ የኖረ ሰው ነውና ቃል ሳይሟላለት አይቀመጥም።

«እሺ ትተወው። የምትማረውንም ራሷ ትምረጥ።»

ሁለቱም አንድ ላይ ሶፋው ላይ ወደቁ። ሐጂ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «አልሐምዱሊላህ፤ ካልኩለስ ገደለኝ» አለ።

ልጅቷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታ ኖሯል። ወርዳ የሁለቱንም ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች፤ ሐጂ ግራ ጉልበቱን እንድትስም ነገራት፤ ቀኙ አይነካም። ከዚያ ላፕቶፗን አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ገጹን ከፈተች። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ቀና ብላ አየችኝ። አፌን ልከፍት ነበር፤ ልማድ ነው። ተነሥቼ ውሃ ልቀዳ ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ። ቧንቧውን ከፍቼ ብዙ አፈሰስኩት። ስመለስ ተጭናው ጨርሳለች።

አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ያን ዕለት ግን ይህን ማናችንም አናውቅም ነበር። ያን ዕለት የሆነው መተኛቷ ብቻ ነው። እንግዶቹ ሳይሄዱ፣ ሶፋው ጥግ ላይ ተኮራምታ፣ አፏን ከፍታ ተኛች። ሽማግሌዎቹ ምሳቸውን በሹክሹክታ በሉ። ሐጂ ሳል መጣበትና ውጭ በረዶው ላይ ወጥቶ ሳለ። እነሱ ሄደው፣ ቀኑ መሽቶ፣ እናቷ ከሥራ ስትገባ ገና ተኝታ ነበር።

«ምን ሆነች?» አለችኝ ልጄ፣ አንድ ጫማዋን አውልቃ ሌላው እግሯ ላይ እንዳለ። «አሟት ነው?»

«አላመማትም። ካልኩለሱን ተወችው።»

«ማን ፈቀደላት?»

«ራሷ ናት የወሰነችው።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«ውሃ ልቀዳ ሄድኩ።»

እናቷ አየችኝ፤ ከዚያ በሩ አጠገብ ካለችው ትንሽ በርጩማ ላይ ከነካፖርቷ ተቀመጠች። እሷንም በዚያው እንቅልፍ እንዳይወስዳት ፈራሁና ያላወለቀችውን ጫማዋን ላወልቅላት ጎንበስ አልኩ። ወገቤ ወደ ታች ወረደልኝ፤ መነሣቱ ግን ጊዜ ወሰደብኝ።